የኃይል አቅሙ አደገ፤ የሥራ ዕድሉስ?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ባለቤቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በታሪኩ አይቶት የማያውቀውን ዕድገት አስመዘገበ። ግድቡ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 11 ተርባይኖችና እያንዳንዳቸው 375 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 2 ተርባይኖች አሉት፤ ድምር አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከቆቃ ጀምሮ እስከ ግልገል ጊቤ ሦስት፣ ከአዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች እስከ አሰላ፣ በአገሪቱ ቀድመው የተገነቡት ጣቢያዎች በሙሉ ቢደመሩ የዚህን አንድ ግድብ አቅም አያህሉም። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ኃይሉን ከውኃና ከንፋስ የሚያገኝ፣ አቅሙን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ያሳደገ የታዳሽ ኃይል አቅራቢ በዓለም ላይ እንደ ልብ አይገኝም።

ይሁን እንጂ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ወጣቶች ወደ ሥራ ገበያው በሚገቡበት አገር፣ ከሜጋ ዋቱ ቁጥር ጋር አብሮ መነሳት ያለበት ጥያቄ አለ። ይህ ዕድገት ለማን ሥራ ፈጠረ? ከእንግዲህስ የት ይፈጥራል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ማመንጫ ጣቢያዎች ራሳቸው በባሕርያቸው ብዙ ሰው የማይቀጥሩ በመሆናቸው፣ ሰፊውና ዘላቂው ሥራ ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቤቱ ባለው መስመር ላይና ኃይሉ ከደረሰ በኋላ በሚከፈቱ አነስተኛ ድርጅቶች ውስጥ ይገኛል የሚል ነው። ላለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ትኩረትና ገንዘብ በአብዛኛው የፈሰሰው ግን ወደ ማመንጫው ነው።

የግድብ ሥራ ሰው የሚፈልገው በሚገነባበት ጊዜ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ በኋላ በጉባ ወረዳ በረሃ ላይ ከሞላ ጎደል አንድ ከተማ ተቆርቁሯል ማለት ይቻላል። ብረት አሳሪዎች፣ በያጆች፣ የክሬንና የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የኮንክሪት ባለሙያዎች፣ ቀያሾች፣ ምግብ አብሳዮች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና የጤና ባለሙያዎች በሺዎች እየተቆጠሩ ለዓመታት ሠርተውበታል። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ሲጀምር የኮንክሪት ሥራው አብዛኛው ክፍል ተገባዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚያስፈልገው የሰው ቁጥር እየቀነሰ መሄዱ የማይቀር ነው። ዛሬ ግድቡን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልጉት የመቆጣጠሪያ ክፍል ኦፕሬተሮች፣ የተርባይንና የጄኔሬተር ጥገና ባለሙያዎች፣ የማከፋፈያ ጣቢያው ሠራተኞችና ጥበቃዎች ናቸው። ግድቡ ዋጋው የረከሰ ኃይል ለማምረት ብቁ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ከተገነባ በኋላ ጥቂት ሰው የሚበቃው መሆኑ ነው።

በዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ። የኢትዮጵያ የግድብ ግንባታ በራሱ እንደ ትልቅ የሙያ ትምህርት ቤት ሲያገለግል ቆይቷል። ቀድሞ ሳሊኒ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ዊቢልድ የሚል ስም ያለው የጣሊያን ተቋራጭ ግልገል ጊቤ ሁለትን፣ ጣና በለስን፣ ጊቤ ሦስትንና ሕዳሴን ተራ በተራ ሲገነባ፣ ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው የሚሸጋገር የአገር ውስጥ ባለሙያ እየተፈጠረ ሄዷል። የሕዳሴውን ግድብ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ የመሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለም ወደ ጉባ ከመሄዳቸው በፊት በግልገል ጊቤ ፕሮጀክቶች ላይ ሠርተዋል። ይህ የዕውቀት ሰንሰለት እንዲቀጥል ግን ሁልጊዜ ቀጣይ ፕሮጀክት መኖር አለበት። ዛሬ ሰንሰለቱን የያዘው በኦሞ ወንዝ ላይ በመገንባት ላይ ያለው፣ 1,800 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የኮይሻ ግድብ ነው፤ ከኮይሻ ቀጥሎ በዚህ መጠን የሚሠራ ሌላ ግድብ ሳይጀመር ከቀረ፣ በአሥርት ዓመታት የተገነባ የሰው ኃይል በአንድ ጊዜ ሊበተን ይችላል።

የአገር ውስጥ አቅም ጉዳይ ሲነሳ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ታሪክም መነሳት አለበት። የሕዳሴው የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ለዚህ ተቋም የተሰጠው በአገር ውስጥ የማምረትና የመገጣጠም ሙያ ያድጋል በሚል ተስፋ ነበር። ሥራው በመጓተቱና በጥራት ችግሮች ምክንያት ውሉ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እንዲቋረጥ ተደረገ፤ ተርባይኖቹንና ተያያዥ ሥራዎችን ጂኢና ቮይት የተባሉት የውጭ ድርጅቶችና የቻይና ኩባንያዎች ተረከቡ። ከዚህ ልምድ ብዙዎች የወሰዱት መደምደሚያ ትልልቅ ሥራዎችን ለአገር ውስጥ ተቋም መስጠት አደጋ ነው የሚል ይመስለኛል። በእኔ ግምት ስህተቱ የነበረው ከመጨረሻው መጀመሩ ላይ ነው። ትንሽ ትራንስፎርመርና የስርጭት ዕቃ በብዛትና በጥራት ሠርቶ ያላሳየ ተቋም 400 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ተርባይን ተከላን እንዲሸከም መጠየቁ ራሱ የአካሄድ ጉድለት ነው። በየከተማው በየጊዜው የሚቃጠለውን ትራንስፎርመር መጠገንና መጠቅለል፣ ምሰሶ ማምረት፣ ሽቦና የቆጣሪ ሳጥን መሥራት ከዚያ ቀድሞ መደርጀት የነበረበት ሥራ ነው፤ ዛሬም ሊደረጅ ይችላል።

በንፋስ ኃይል በኩል ሁኔታው ይበልጥ ግልጽ ነው። በአዳማ የመጀመሪያው ፕሮጀክት 34 ተርባይኖች ተተክለው 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖች ተተክለው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገዋል። መቐለ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ 29 ተርባይኖች ያሉት አሰላ 100 ሜጋ ዋት ናቸው። እነዚህ ሁሉ ተርባይኖች የተመረቱት በውጭ አገር ነው፤ ፋይናንሱ በአብዛኛው ከተርባይኑ አምራች አገር በመምጣቱ፣ ከብድሩ ጋር ተቋራጩና ዕቃውም አብረው መጥተዋል። ለአገር ውስጥ የቀረው የመንገድና የመሠረት ሥራ፣ የማጓጓዝና የጉልበት ሥራ፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲዎች በአማካሪነት የተሳተፉባቸው ክፍሎች ናቸው። የመጨረሻው ቀላል አይደለም፤ ተርባይኑን የሚያውቅ ኢንጂነር ከዩኒቨርሲቲ እንዲወጣ ረድቷል። የተርባይኑ ምላጭና ማማ የተሠራበት ፋብሪካ የከፈለው ደመወዝ ግን የተከፈለው በሌላ አገር ነው።

የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ አሃዞች ይህንኑ ይናገራሉ። እንደ ኤጀንሲው ግምት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በዓለም ላይ 16.2 ሚሊዮን ሰዎች በታዳሽ ኃይል ዘርፍ ይሠሩ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 7.4 ሚሊዮን ያህሉ በቻይና ውስጥ ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ድርሻ 324 ሺህ ብቻ ነበር። በአህጉሩ ፀሐይ፣ ንፋስና ወንዝ ሞልቶ እያለ የሥራው ድርሻ ከጠቅላላው 2 በመቶ ያህል ብቻ የሆነው፣ ሥራው የተፈጥሮ ሀብቱን ተከትሎ ስለማይሄድ ነው። ሥራው የሚከተለው ፋብሪካውን፣ የተከላውን ብዛትና የደንበኛውን ቁጥር ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በአገራችን የሥራ ዕድል የሚዘገብበት መንገድ ራሱ እውነቱን ለማየት አያመችም። አንድ ፕሮጀክት በተመረቀ ቁጥር ለዚህን ያህል ሺህ ዜጎች ቋሚና ጊዜያዊ የሥራ ዕድል ተፈጠረ የሚል አሃዝ ይነበባል፤ ለስድስት ወር ጉድጓድ የቆፈረውም፣ ለ30 ዓመት የሚያገለግለው ኦፕሬተርም በአንድ ድምር ውስጥ ይገባሉ። ለማነጻጸር እንዲያመች፣ የፕሮጀክቱን የሥራ መጠን በሰውና በዓመት አባዝቶ መቁጠር የተሻለ ነው። 10 ሺህ ሰዎች ለስድስት ወር ቢሠሩ የአንድ ሰው የ5 ሺህ ዓመት ሥራ ይሆናል፤ 200 ሰዎች ለ50 ዓመት ቢሠሩ ግን የ10 ሺህ ዓመት ሥራ ነው። ለዜና የሚመቸው የመጀመሪያው ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፣ ልጅ የሚያስተምረውና ሙያ የሚያወርሰው ሁለተኛው ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በዚህ መልክ ሪፖርት እንዲያደርጉ ቢገደዱ፣ ገንዘብ ወደየትኛው ሥራ መሄድ እንዳለበት የሚደረገው ክርክር መልኩን ይቀይር ነበር።

ቋሚ ሥራ የሚበዛው የት እንደሆነ ለማየት፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የተደረገውን ክፍፍል ማስታወስ ይጠቅማል። በሕዝቡ ዘንድ መብራት ኃይል በመባል የሚታወቀው የቀድሞው ኮርፖሬሽን ያን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ፣ ማመንጨትና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭትና ሽያጭ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጡ። ግድብ የሚገነባው፣ ለጎረቤት አገሮች የሚሸጠውና ዶላር የሚያገኘው የመጀመሪያው ነው። ምሰሶው የወደቀበትን፣ ቆጣሪ የሚጠብቀውንና መብራት የጠፋበትን ደንበኛ ፊት ለፊት የሚያገኘው ሁለተኛው ነው። ታሪፉ ለረጅም ዓመታት ሳይሻሻል በመቆየቱ፣ የስርጭቱ ሥራ ከማመንጫው ጋር እኩል ገንዘብ ሊያገኝ አልቻለም።

ውጤቱን ሁሉም የሚያውቀው ነው። የአገልግሎቱ ደንበኞች ቁጥር 5 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የሕዝቡ ቁጥር ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። አንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት ጊዜ ቢኖርም፣ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ አያገኝም፤ መብራት በማያገኝ ሕዝብ ብዛት ከናይጄሪያና ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ቀጥላ በዓለም የምትጠቀሰው ኢትዮጵያ ናት። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ሕዝቡን በሙሉ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመርና 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ዕቅዱ አልተሳካም። ማመንጫው ተገንብቶ ስርጭቱ ወደ ኋላ መቅረቱ የአገልግሎት ጉድለት ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሥራ ሳይፈጠር የቀረበት ጉዳይ መሆኑ ግን አይነገርም።

አንድ ቀበሌ መብራት እንዲያገኝ የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር ማየት ይህን ያስረዳል። በመጀመሪያ ቀያሹ መስመሩ የሚያልፍበትን ይለያል፤ ከዚያም የባሕር ዛፍ ወይም የኮንክሪት ምሰሶ ተመርቶ፣ ተጓጉዞ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይተከላል። ሽቦው ይጎተታል፤ ትራንስፎርመሩ ይሰቀላል፤ መስመሩ ይፈተሻል። በየቤቱ የውስጥ ዝርጋታ የሚሠራ የግል ኤሌክትሪሽያን ያስፈልጋል፤ ቆጣሪው ይገጠማል፤ ደንበኛው ይመዘገባል። ሥራው በዚህ አያበቃም። ዝናብና ነፋስ መስመሩን በየክረምቱ ይጎዱታል፤ ዛፍ ይወድቅበታል፤ ጭነት ሲበዛ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ይበላሻል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አካባቢ ቋሚ የጥገና ቡድን፣ መሰላልና መኪና፣ መለዋወጫ የሚያቀርብ ነጋዴ፣ ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ይፈለጋል። ይህ ሥራ በአንድ በረሃ ላይ ተከማችቶ የሚቀር አይደለም፤ ሕዝቡ ባለበት ወረዳ ሁሉ ይበተናል፤ የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃም በአብዛኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዛሬ የሚያስተምሩት ነው። የአንድ ተርባይን ቴክኒሽያን ማሠልጠን ዓመታትና የውጭ ምንዛሪ ሲጠይቅ፣ ጥሩ የመስመር ሠራተኛ በአገር ውስጥ በአጭር ጊዜ ማፍራት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። የመስመር ሥራ አደገኛ ነው። ኃይል ሳይቋረጥ ምሰሶ ላይ የሚወጣ፣ የደኅንነት ቀበቶና ጓንት በአግባቡ ያልተሟላለት ሠራተኛ ሕይወቱን እየከፈለ ነው የሚያገለግለው። ሥራው ለተደራጁ ማኅበራት በኮንትራት ሲሰጥ የመድንና የሥልጠና ግዴታው ከውሉ ውስጥ በግልጽ ካልገባ፣ የተፈጠረው ሥራ ሰው የሚያጎድል ሥራ ይሆናል።

ከመስመሩ ቀጥሎ ያለው የሥራ ዘርፍ ደግሞ ኃይሉ ከደረሰ በኋላ የሚከፈተው ነው። በገጠር ከተማ መብራት ሲገባ መጀመሪያ የሚታዩት የናፍጣ ሞተሩን ትቶ በኤሌክትሪክ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ የእንጨት ሥራ፣ ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤትና የሞባይል ጥገና ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠሩና የሚጠግኑ ባለሙያዎችም ገበያ ያገኛሉ። የግል ነዳጅ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገናና የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ አዲስ የሙያ መስክ ሆኗል፤ በአዲስ አበባ ጋራዦች ባትሪና ሶፍትዌር የሚያውቅ መካኒክ በጣም ተፈላጊ ነው። ይህ ሁሉ የቆመው ግን በአስተማማኝ አቅርቦት ላይ ነው። በሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን መብራት የሚጠፋበት ብየዳ ቤት ሁለተኛ ረዳት አይቀጥርም፤ ያለውንም ሊያሰናብት ይችላል። መብራት መቆራረጥ ሥራ የሚያጠፋ ነገር ሆኖ በሥራ አጥነት ውይይቶች ላይ ሲነሳ አለመስማታችን ያሳዝነኛል።

ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ስሌት የሚያፈሩት ኩባንያዎች (ማይነሮች) ሥራ፣ ማለትም ዳታ ማይኒንግ የሚባለው ጉዳይ፣ ከዚህ አንጻር መታየት አለበት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለነዚህ ኩባንያዎች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. 21 ኩባንያዎች ውል እንደነበራቸው፣ ከነዚህም ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና መሆናቸው ተዘግቧል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ የሚበልጥ ነበር። አንድ ሜጋ ዋት ኃይል እንደ ኮንቴይነር ባለ መጠለያ ውስጥ የተደረደሩ 300 ገደማ ማሽኖችን ያሠራል፤ ማሽኖቹን ለመከታተል ደግሞ ጥቂት ቴክኒሽያንና ጥበቃ ይበቃል። ያው አንድ ሜጋ ዋት 15 ኪሎ ዋት ሞተር ያላቸውን ከ60 በላይ ወፍጮዎች በአንድ ጊዜ ሊያዞር ይችላል፤ እያንዳንዱ ወፍጮ የሚፈጭ፣ የሚመዝንና የሚሸከም ሰው ይፈልጋል፤ እህል ተሸክማ ረጅም መንገድ የምትሄደውን እናትም ያሳርፋል።

ከዚህ በመነሳት ኃይሉ ለማይኒንግ መሸጡን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ይሁንና ፍትሐዊ አይደለም። ማይነሮቹ የሚጠቀሙት ኃይል ከከፍተኛ ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ሆነው በቀጥታ የሚወስዱት ነው። ወፍጮዎቹ ኃይሉን ያላገኙት ማይነሮቹ ስለቀደሟቸው አይደለም፤ ከጣቢያው እስከ ወፍጮ ቤቱ የሚያደርስ መስመር ስለሌለ ነው። ባይሸጥ ኖሮ በውኃ መልክ ሳይጠቀሙበት ሊያልፍ የሚችል ኃይል ነው፤ ድርጅቱም ከባድ የውጭ ዕዳ አለበት። ድርጅቱ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ያስታወቀ በመሆኑ፣ የቀረው ጥያቄ የተገኘው ዶላር ምን ላይ ይውላል የሚለው ነው። ለትራንስፎርመር፣ ለቆጣሪና ለሽቦ ግዢ ከዋለ፣ ጥቂት ሰው የሚቀጥረው ሽያጭ ብዙ ሰው ለሚቀጥረው ሥራ መነሻ ገንዘብ ይሆናል። በሌላ ቀዳዳ ከፈሰሰ ግን አገሪቱ ኃይሏንም የሥራ ዕድሏንም ሸጣለች ማለት ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለኬንያ ስለተጀመረው ሽያጭም የምለው ይኸው ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ የተዘረጋው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር የሚያስገኘው ምንዛሪ እንጂ ብዙ ሥራ አይደለም።

ዋናው መስመር በቅርብ ዓመታት ሊደርስባቸው ለማይችሉ አካባቢዎች የሶላር አማራጭ አለ። በዚህ ረገድ በአማራ ክልል ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የምትገኘው የረማ ልምድ ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። ከ15 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት በረማና በአካባቢዋ ለየቤቱ አነስተኛ የሶላር መብራት ተከለ፤ ነዋሪዎቹ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይከፍሉ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያው ረማ ላይ የሶላር ቴክኒሽያኖች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ድርጅቱ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለዘላቂ ኃይል ሥራዎች የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። የረማ ብልሃት መብራቱን ከነጠጋኙ ማምጣቱ ላይ ነበር። በእርዳታ የተከፋፈሉ ብዙ የሶላር ዕቃዎች ባትሪያቸው በተዳከመ ጊዜ የትም የተጣሉት፣ የሚጠግናቸው ሰው በአቅራቢያ ስላልነበረ ነው። የሶላር ዕቃ አስመጪዎች ፈቃድና የውጭ ምንዛሪ ሲያገኙ በየወረዳው የጥገና ማዕከል የማቋቋም ግዴታ ቢኖርባቸው፣ ለገጠር ወጣት ከተማ ሳይሰደድ የሚኖርበት ሥራ ይገኝ ነበር።

በማምረት በኩልም አዲስ ነገር ታይቷል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ኢትዮጵያ ምርቶችን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው የአጎዋ የንግድ ዕድል ከታገደች በኋላ ብዙ ሥራ አጥቷል፤ የሥራ መታጣቱ በይበልጥ የጎዳው ከደቡብ ገጠሮች የመጡትን ወጣት ሴቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ቶዮ የተባለ የሶላር ኩባንያ በዚሁ ፓርክ ውስጥ በዓመት 2 ጊጋ ዋት የሶላር ሴል የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ አቅሙንም በእጥፍ ለማሳደግ ተንቀሳቀሰ። ዋና ገበያው አሜሪካ ነው፤ ወደዚህ የመጣበት አንዱ ምክንያትም አሜሪካ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሶላር ምርቶች ላይ የጣለችው ከባድ ቀረጥ ነው። ፋብሪካው በርካሽ የታዳሽ ኃይል መኖር መጠቀሙ መልካም ነው፤ የንግድ ፖሊሲ ነፋስ ያመጣውን ያው ነፋስ ሊወስደው እንደሚችል ግን ሐዋሳ ራሷ አንድ ጊዜ አይታለች። የሚመረተው ሴል ጥቂቱ እንኳ በአገር ውስጥ ተገጣጥሞ ፓነል ሆኖ ለገጠር ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች የሚውልበት ውል ቢደረግ፣ ፋብሪካው በውጭ ገበያ ብቻ እንዳይንጠለጠል ይረዳዋል፤ የመገጣጠሙ ሥራም እዚሁ ይቀራል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ከፊል መልስ በተጠቃሚው እጅ አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ ለአራት ዓመታት እንዲቀጥል ተደርጓል። ጭማሪው በኑሮ ውድነት ለተጎዳው ቤተሰብ ከባድ ነው፤ አገልግሎቱ ያለ በቂ ገቢ መስመር ሊያድስና ሠራተኛ ሊቀጥር አይችልም የሚለው ክርክርም እውነት አለው። ስለዚህ ከፋዩ ሊጠይቅ የሚገባው ግልጽ ነገር አለ፦ ከጭማሪው ምን ያህሉ ለአዲስ መስመር፣ ምን ያህሉ ለጥገና ዋለ፤ በየዲስትሪክቱ ስንት የጥገና ቡድን ተጨመረ፤ አንድ አዲስ ደንበኛ ቆጣሪ ለማግኘት የሚጠብቀው ጊዜ ስንት ቀን አጠረ። እነዚህ አሃዞች በየሩብ ዓመቱ ከታሪፉ ጋር አብረው ቢወጡ፣ ሕዝቡ የከፈለው ገንዘብ ሥራ መሆኑንና አለመሆኑን ራሱ ያያል።

አስቸኳይ የሆነው ግን የኮይሻ ጉዳይ ነው። ግንባታው እየተገባደደ ሲሄድ ከሥራ የሚለቀቁት በያጆች፣ የክሬን ኦፕሬተሮች፣ ቀያሾች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችና የኮንክሪት ባለሙያዎች ለከፍተኛ መስመር ማማ ተከላ፣ ለማከፋፈያ ጣቢያ ግንባታና ለምሶሶ ማምረቻ የሚያስፈልጉት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች፣ ማለትም ኃይሉና አገልግሎቱ፣ የእነዚህን ባለሙያዎች የሙያ ዓይነትና ብዛት ከተቋራጩ ወስደው አሁኑኑ ቢመዘግቡ፣ ጥቂት ወራት የሚወስድ የማሸጋገሪያ ሥልጠና ቢያዘጋጁና የስርጭት ማስፋፊያ ጨረታዎቹን ከግድቡ የግንባታ መርሐ ግብር ጋር አዛምደው ቢያወጡ፣ ከግድቡ የሚወጣው ሠራተኛ ወደ መስመሩ ይገባል። ጨረታው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢወጣ ግን ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ወደ ዓረብ አገር ሄደው ወይም ሙያቸውን ትተው ይሆናል፤ ድርጅቶቹም አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ማሠልጠን ይኖርባቸዋል።